ሥነ ጽሑፍ ከዳንግላ አስፋልት ባሻገር ለምን አይዘልቅም?

ዳንግላ (ዜና ትንታኔ)፦ በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኘው የዳንግላ ከተማ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የክልሉን ርዕሰ ከተማ በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ናት። በዚህ ጎዳና ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ዘይቱና ስኳሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እህሉ፣ ከብቱና ከሰሉ ወደ ውጪ ይወጣል። አዲስ የታተመ ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል ግን በዚሁ መንገድ ተጭኖ የሚደርሰው በጥቂቱ ሲሆን፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ይህ ሁኔታ በየመድረኩ «የንባብ ባህል መዳከም» በሚል ሲገለጽ ይሰማል። በየጊዜው በሚከበሩ የንባብ ሳምንታትና በሚካሄዱ ዐውደ ጥናቶች የሚቀርቡ ጽሑፎችም አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ማንበብ መጥላቱን በማማረር ይጀምራሉ። አገላለጹ ተጠያቂነቱን አንባቢ ሊሆን በሚችለው ሰው ላይ ይጥላል። መጽሐፉ ወደዚያ ሰው ለመድረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ብርሃን፣ ጊዜ፣ ፊደልና ቋንቋ በእኩል የተከፋፈለ አለመሆኑን ግን ይሸፍናል።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንደሚያመለክተው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ሕዝብ 982 ሺህ 942 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 12 ነጥብ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ማደጉ የታወቀ ቢሆንም ከዚህ በኋላ ሌላ ብሔራዊ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዕቅድ አውጪዎች እስከ ዛሬ መነሻ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የመጽሐፍ መደብር፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የተሟላ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚገኘው በከተማ እንደመሆኑ መጠን፣ ዛሬ ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ነገር ገና ከመነሻው ከስምንት ሰው ለአንዱ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል።

አካባቢው ለጽሑፍ ባዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሲያገለግል የጣናንና የዓባይን ዳርቻ በእግርና በበቅሎ አጥንቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። ምናልባት ከዳንግላ ተነሥተው ከተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ በውጭው ዓለም ይበልጥ የታወቀው ይኸው ነው። የታተመው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የተጻፈለት አንባቢም ለንደን ነበር። ስንቅ የጫኑለት፣ መንገድ የመሩትና ወንዝ ያሻገሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አገራቸው ምን እንደተባለ ለማወቅ የውጭ ቋንቋ መማር ነበረባቸው።

የአማርኛው ልብ ወለድ ታሪክም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀውን «ጦቢያ» የጻፉት የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሲሆኑ፣ መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው። የደራሲው የትውልድ መንደር በጣና ዳር ሆኖ ሳለ መጽሐፉ ከመንደሩ ሰው ይልቅ ለቤተ መንግሥቱና ለውጭ አገር ምሁራን ይቀርብ ነበር። ከዳንግላ አጎራባች ከሆነው ከአቸፈር የተነሡት አቤ ጉበኛም በ1955 ዓ.ም. ያሳተሙት «አልወለድም» የድሃውን በደል ጉዳዬ ያለ መጽሐፍ ነበር። እርሱ ግን ታገደ። የድህነትንና የእገዳን አጥር በአንድ ላይ መዝለል የሚችል መጽሐፍ ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ የጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተለየ መልክ እንደነበረው መጥቀስ ይገባል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ የመንደሩ ሕዝብ ይመግባል። በዚህ ሥርዓት የጭሰኛ ልጅ ከባላባት ልጅ እኩል ቁጭ ብሎ ቅኔ ሊቆጥር፣ በችሎታውም ሊበልጠው ይችል ነበር። የዛሬው የትምህርት ዕቅድ አውጪ ያለ በጀት ርዕስ እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱን ሲሰማ ሊገረም ይገባዋል።

ነገር ግን ይህም በር ለግማሹ ሕዝብ ዝግ ነበር። ሴቶች ወደ ቅኔ ቤት የሚገቡት በልዩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ዐይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረው ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ሆኖም አባታቸው ራሳቸው የቅኔ መምህር መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የቅኔ መምህር ያልወለዳት፣ ውኃ ስትቀዳና ጭራሮ ስትለቅም የዋለች ልጅ ምን ያህል ተሰጥዖ እንደነበራት የሚያውቅ የለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ወንዶች 69 በመቶው ማንበብ ሲችሉ፣ ከሴቶች ግን ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት በዘመናዊ ትምህርት ቢተካም ልዩነቱ መልኩን ለውጦ ቀጥሏል።

ሥነ ጽሑፍ ለማን ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ አጉልቶ የሚያሳየው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው በጎጃም ምድር ሲሆን፣ የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህና የባላባት ልጅ የሆነችው ሰብለ ወንጌል በዘርና በሀብት ልዩነት ምክንያት የሚደርስባቸውን ይተርካል። በመጽሐፉ ውስጥ በአበጀ በለው የሚመሩ ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያምፃሉ። መሬት ለአራሹ የሚለው አዋጅ ከመታወጁ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚያን ጊዜ ግን የአበጀ በለው ዓይነት ገበሬ ይህን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም ነበር። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት ሲጠቀስ የቆየው አኃዝ እንደሚያመለክተው በ1966 ዓ.ም. ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ 93 በመቶ ነበር። በመሆኑም የጭሰኛውን ብሶት የሚናገረው መጽሐፍ የተነበበው በአዲስ አበባና በጥቂት የክፍለ ሀገር ከተሞች በሚኖሩ ተማሪዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ስለ ገበሬው የሚያውቁት ገበሬው ራሱ የማያውቀውን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይኸውም ብሶቱ በመጽሐፍ መጻፉን ነው።

ሁኔታውን የለወጠው ሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከበት ጊዜ መጽሐፉ መሸጫ በሌለበት፣ ፊደል ባልተቆጠረበት ቤት ሁሉ ገባ። አንድ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ እንደነበር በዚያ ዘመን የኖሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። ዛሬ የበዛብህንና የሰብለን ስም ከሚጠሩ በዕድሜ የገፉ ሰዎች መካከል መጽሐፉን በዐይናቸው ያላዩት በርካቶች ናቸው። በዚህ አጋጣሚ የደረሰው የታሪኩ ጭብጥ ብቻ ሳይሆን ቋንቋው፣ ምፀቱና የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ጭምር ነበር። ሥነ ጽሑፍ ያለ ወረቀትም ይደርሳል ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በአገር ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ሬዲዮ የፈታው የፊደልን ችግር እንጂ የቋንቋን አልነበረም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነዋሪ አፍ የፈታው በአማርኛ ሲሆን፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ በአዊኛ መሆኑን የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አሳይቷል። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ ከአማርኛ ጋር አንዱ የሌላው ዘዬ የሆኑ ቋንቋዎች አይደሉም። ስለዚህ በገጠር ቀበሌ ለሚኖር አዊኛ ተናጋሪ፣ በተለይም ከቤት ርቃ ለማትሄድ ሴት፣ በአማርኛ የተተረከው ልብ ወለድ በግማሽ ልብ የሚሰማ ነበር።

የአዊኛ ጉዳይ ሲመረመር ተደጋጋሚ የሆነ አንድ ነገር ይታያል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሪቱ ታሪክ ታላቅ የሆነ የፊደል ሠራዊት ያሰለፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ጋር በተያያዘ ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝቷል። ዘመቻው በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች አድጓል። ከ15ቱ መካከል ግን አዊኛ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ ለማሻሻል የተካሄደው ሰፊ መርሐ ግብር በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍትን አዘጋጅቷል፤ እነርሱም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀድይኛ ናቸው። አሁንም አዊኛ ከዝርዝሩ ውጪ ነበር።

ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ገንዘብ ሲያጥር ተናጋሪው የበዛውን ማስቀደም በመሥሪያ ቤት አሠራር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በየዘመኑ በተለያየ መንግሥትና በተለያየ ለጋሽ ያው ስሌት ሲሠራ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ በየጊዜው ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሕዝብ በቁጥር ማነሱ በማንም ላይ በደል አልሆነም፤ ልጁ የሚያነበው መጽሐፍ ማጣቱ ግን በደል ነው።

ይህ ማለት ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ አዊኛ በብሔረሰብ አስተዳደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ የክልሉ ብዙኃን መገናኛም በአዊኛ የሬዲዮ ሥርጭት አለው። ቋንቋው በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን፣ በአማርኛ ለማይገኘው ድምፅ በተለመደው የፊደል ገበታ የሌለው «ጘ» ከነቤተሰቡ ያገለግላል። ሆኖም አንድ ልጅ በአዊኛ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነበው ተረት፣ ልብ ወለድ ወይም መጽሔት በበቂ መጠን አያገኝም። ልጁ ማንበብ የቻለው ቋንቋ መጻሕፍት የሉትም፤ መጻሕፍት ያሉት ቋንቋ ደግሞ ሁለተኛ ቋንቋው ነው።

የሚነበብ ነገር የሌለው ፊደል እንደሚጠፋ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዕጣ መረዳት ይቻላል። በዘመቻው ዓመታት ይወጡ የነበሩ መግለጫዎች አብዛኛው ሕዝብ ከመሃይምነት መላቀቁን ያበሥሩ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሩብ የማይሞላ መሆኑን አሳየ። ለዚህ የመግለጫዎቹ መጋነን፣ ጦርነቱና ረሀቡ ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ምሥክር ወረቀቱን የተቀበለው ገበሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው መጽሐፍ አለመኖሩም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

የዋጋው ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ4 ሺህ 760 ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ወረቀት፣ ቀለምና የማተሚያ መለዋወጫ የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኅትመት ወጪ አሻቅቧል። አንድ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ ለመግዛት የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ገቢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ሊኖርበት ይችላል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያም ቢሆን ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ተርፎት መጽሐፍ በየወሩ ይገዛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። አታሚው በበኩሉ ገዢው አዲስ አበባ መሆኑን ስለሚያውቅ ወደ ክፍለ ሀገር የሚልከውን ይቀንሳል፤ የትራንስፖርቱን ወጪ ሲጨምርበትም መጽሐፉ ድሃው ዘንድ ሲደርስ ከሀብታሙ ዘንድ ይልቅ ይወደዳል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርኆት ቤተ መጻሕፍት መንግሥት በዚህ ዘርፍ ከፈለገ ምን መሥራት እንደሚችል ያሳየ ግንባታ ነው። ወመዘክርም የሚገኘው በዚያው ከተማ ነው። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ዕጣ ግን በአብዛኛው በባህልና ቱሪዝም፣ በትምህርትና በወጣቶች ጽሕፈት ቤቶች መካከል የሚንከባለል ነው። አንዱ ቤቱን ይሠራል፤ ሌላው ሠራተኛ ይመድባል፤ የመጽሐፍ መግዣ በጀት ግን የማንም ሳይሆን ይቀራል። መደርደሪያው በልገሳ በተገኙ፣ ማንም በማይጠይቃቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይሞላና ቤቱ የፈተና ማጥኛ ክፍል ይሆናል። ይህን የወረዳ አመራሮች ከማንም በላይ ያውቁታል።

በትምህርት ቤቶች በኩል ያለው ሥዕልም የሚያጽናና አይደለም። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃን በመጨረስ ላይ በሚገኝ ዕድሜ ካሉ ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ይገምታል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1 ሺህ 328 ነበሩ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የተተገበረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርትም በመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ተፈትኗል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተከሠተው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ስለነበር መጽሐፍን በስልክ ማንበብ ይተካዋል የተባለው ተስፋ እንኳ በዚህ ወቅት አልሠራም። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ወደ ሌላ ከተማ ልኮ ያስተምራል። የሌለው ልጁን ከብት ያስጠብቃል።

በሌሎች አገሮች የታየው ተሞክሮ ድህነት ብቻውን የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ያመለክታል። በሕንድ የኬረላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1945 ፒ. ኤን. ፓኒከር የተባሉ መምህር 47 የመንደር ቤተ መጻሕፍትን በአንድ ማኅበር አሰባስበው የጀመሩት እንቅስቃሴ በየመንደሩ ተስፋፍቶ፣ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ሙሉ በሙሉ ከመሃይምነት ነጻ መሆኗ ታውጇል። ኬረላ በዚያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም።

የኬንያው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተሞክሮም ለአዊኛ ጉዳይ ቅርብ ነው። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሚሪቱ መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር በጊኩዩ ቋንቋ ያዘጋጁት ቴአትር ብዙ ሕዝብ ከሳበ በኋላ ታግዶ፣ እርሳቸውም በዓመቱ መጨረሻ ታስረዋል። ቀደም ሲል በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ይህን ያህል አልተፈሩም ነበር። በእስር ቤት በጊኩዩ የጻፉት ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለት እንደነበር ደራሲው ጽፈዋል። አንባቢው መጠጡ ሲያልቅበት ንባቡን ያቆማል፤ አድማጮቹ ሌላ ሲቀዱለት ይቀጥላል። በጠላ ቤት አዝማሪ መሸለም ለለመደ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በአገር ውስጥም ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ለልጆች ያደርሱ እንደነበር ይታወሳል። ጋሪው ሕንፃም፣ ነዳጅም አይፈልግም። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር በዓላቸውን በሚያከብሩበት ምድር ይህ ሐሳብ የሚጎትተው ያጣል ተብሎ አይሠጋም።

ለዳንግላና ለአካባቢው በቅርቡ ሊሠራ የሚችለው ግን የሬዲዮው መንገድ ይመስላል። በአዊኛ ሥርጭት ያለው ጣቢያ በባሕር ዳር አለ፤ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቋንቋውን ያስተማሩና የተማሩ መምህራን በየወረዳው ይገኛሉ። የሚጎድለው የሚተረከው ጽሑፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወይም ሌላ ሥራ ወደ አዊኛ ለመመለስ የደራሲውን ወራሾች ፈቃድ፣ የአንድ ተርጓሚ የጥቂት ወራት ደመወዝና የአንድ አንባቢ ድምፅ ይጠይቃል። ወጪው ለአንድ የንባብ ሳምንት ባነር፣ አበልና መስተንግዶ ከሚመደበው እጅግ የሚበልጥ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ደብዳቤውን ማን ጽፎ ለማን እንደሚልክ ግን በሥራ ድርሻ መዘርዝሮች ውስጥ በግልጽ የተቀመጠ ነገር የለም።